ሕመሙን የማያሳይ መንደሪን

ጸሐይነሽ ከወሎ ወደ አሶሳ በመጣችበት ዓመት ሁለት ነገር አታውቅም ነበር፤ ቀርከሃ እንደሚበላና ዛፍ ከዛፍ እንደሚዳቀል። የመጀመሪያውን ያሳየቻት ኢቲዳል ናት። ኢቲዳል ከሰፈራው መንደር ማዶ፣ ከወንዙ ወዲያ የምትኖር የበርታ ሴት ስትሆን፣ ክረምት ሲገባ ከመሬት ብቅ የሚለውን ለጋ ቀርከሃ ልጣና ቀቅላ በሳህን ይዛላት መጣች። ጸሐይነሽ ፈራ ተባ እያለች ቀመሰችው። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ቢላዋ ይዛ ወደ ቀርከሃው ጫካ ትወርድ ጀመር። ሁለተኛውን ያስተማራት ዲሳሳ ነው።

ዲሳሳ የወለጋ ሰው ነው፤ የፍራፍሬ ባለሙያ ሆኖ ለሰፈራዎቹ የተመደበ፣ ረጅም፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ። ዘመኑ 1972 ነበር። ድርቅ የጎዳው የወሎ ሰው በከባድ መኪና ተጭኖ በነቀምት፣ በመንዲና በባምባሲ አልፎ እዚያ አገር ሲራገፍ ያገኘው በመስመር የተሠራ የሣር ቤትና በትራክተር የታረሰ የጋራ ማሳ ነው። ጠዋት ጠዋት ከዋርካው ላይ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ሲመታ ሰው ሁሉ በየቡድኑ ተሰልፎ ወደ በቆሎው ይወርዳል። የመጀመሪያው ክረምት ወባ ይዞ መጣና የጸሐይነሽን ባል ወሰደው። እሷም ታማ ተነሣች፤ ግን ጉልበቷ አልቆ ከአረም ሰልፍ ላይ ሁለት ጊዜ ወደቀች። ስለዚህ «ቀላል ሥራ» ተባለና ችግኝ ጣቢያ ውኃ እንድታጠጣ ተመደበች።

ዲሳሳ እጇን ያየው እዚያ ነው። ስፌት የለመደ እጅ ስለነበር ስለት ሲይዝ አይንቀጠቀጥም። አስቀምጦ አስተማራት። መጀመሪያ ኮምጣጣ ብርቱካን ከዘር ይበቅላል። ፍሬው አፍ አያስገባም፤ ሥሩ ግን ከባድ አፈርም ውኃ የሚተኛበት ቦታም ይችላል። ግንዱ የእርሳስ ያህል ሲሆን ቅርፊቱ ይሰነጠቅና ከጣፋጭ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የተነሣች አንዲት የቡቃያ ዓይን፣ ከነልጧ፣ በስንጥቁ ውስጥ ትሸጎጣለች። በላስቲክ ይታሰራል። ዓይኗ ይዛ ካቆጠቆጠች የኮምጣጣው ራስ ተቆርጦ ይጣላል። የጣቢያው ሠራተኞች የታችኛውን «እግር»፣ የላይኛውን «ራስ» ይሉት ነበር። ጸሐይነሽ ያሰረችው ዓይን እምብዛም አይጨነግፍም።

አንድ ቀን ዲሳሳ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ የመንደሪን ቅርንጫፍ ከሩቅ የአትክልት ቦታ ይዞ መጣ። ሲያዳቅሉ ውለው እግር የሚሆነው ኮምጣጣ አለቀ፤ አንዲት ዘንግ ግን ከነዓይኖቿ ቀረች። ዲሳሳ ጣያት ሲል ጸሐይነሽ አልሆነላትም። ከውኃው በርሜል ሥር ሳይተከል የበቀለ ቡቃያ ነበር፤ ያ ቅርፊቱ የሚሻክረው ትልቁ ሎሚ። ከዘንጓ አንድ ዓይን አንሥታ በእሱ ላይ አሰረች። ሲይዝ ነቅላ ቤቷ ጓሮ ተከለችው። ባሏ በሞተ በዓመቱ ስለሆነ ጎረቤቶቿ ዛፉን «የሟች ማስታወሻ» ይሉት ጀመር። እሷ እንዲህ ብላ አታውቅም፤ ቢሏት ግን አልተቃወመችም።

መንደሪኑ ለጉድ አደገ። የጣቢያው ዛፎች ገና ጉልበት ድረስ ሳሉ እሱ ከጣሪያው እኩል ሆነ፤ በ1976 ኅዳርም በመንደሩ የመጀመሪያውን ፍሬ ሰጠ። ጥቂት ፍሬ ነበር፤ ሁለት እፍኝ ቢሆን ነው።

እነዚህ ሰዎች በኩር ፍሬ ለብቻ አይበሉም። በአገራቸው ክርስቲያኑም እስላሙም እሸት ሲደርስ ለጎረቤት ሳያቀምስ አፉ አያደርግም፤ ያለዚያ በረከቱ ይሸሻል ይላሉ። ስለዚህ ጸሐይነሽ መንደሪኑን በሰፌድ አድርጋ ለቡና ጠርታው የማታውቀውን ሰው ሳይቀር ጠራች። አንዱ ፍሬ ለሁለት፣ ለሦስት ተከፈለ። የቀኝ ጎረቤቷ እትዬ ሰዓዳ አንድ ክፋይ ብቻ ደርሷት ጣቷን እየላሰች፣

«አሁን ይኼ ምኑ ይቀመሳል? ጥርሴ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ቀረ!» አለች።

ሁሉም ሳቀ። እትዬ ሰዓዳ ግን ቀልዷን ወደ ቁም ነገር አዞረችው። «ስሚኝ እታለም፣ ፍሬው ካላዳረሰን ዘሩን አካፍይን። ለየቤታችን የታደለን ኮምጣጣ ችግኝ ራስ የለሽ ቆሞ የለ? ከዚህ ዛፍ ዓይን አንሺና አኑሪበት።»

«ጣቢያ ሌላ ቅርንጫፍ አለ እኮ፤ ብርቱካንም አለ» አለች ጸሐይነሽ።

«የማናውቀውን ምን እናደርገዋለን? ይኼ አገሩን የለመደ ነው። አገሩ እኛን የተቀበለን በዚህ ዛፍ ነው።»

ይህ አነጋገር ሰዉን ያዘው። ዲሳሳ በዚያ ዓመት ለሥልጠና ወደ ሌላ አገር ተልኮ ስለነበር የሚጠይቅም የሚከለክልም አልነበረም። ጸሐይነሽ ስለቷን በመቀነቷ ሸጉጣ፣ ቅርንጫፎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ከጓሮ ጓሮ ዞረች። ስትጨርስ ባለቤቶቹ መዳፋቸውን ዘርግተው ይመርቋታል፤ «እጅሽ አይንጠፍ፣ ያፈራው ሁሉ ከምስጥ ይዳን።» የመንደሩ ሊቀመንበር አበጋዝ እንኳ ከቢሮው ፊት ለፊት ሁለት ዓይን አስተከለ። በቀጣዮቹ ዓመታት ሁሉም ያዙ፣ አደጉ። ጸሐይነሽ በየአጥሩ ላይ የራሷን ዛፍ ቅጠል እያየች ስትሄድ ቤቷ የሰፋ ይመስላት ነበር።

የመጀመሪያው ዛፍ የሞተው በ1979 ነሐሴ፣ የእትዬ ሰዓዳ ጓሮ ውስጥ ነው። ቅጠሉ ገረጣ፣ ወደ ውስጥ ተጠቀለለ፣ ረገፈ። ፍሬው ግን አልረገፈም፤ ዛፉ የለውዝ ያህል ፍሬ እንደተሸከመ ቆሞ ደረቀ። ምስጥ ነው ተባለ። በዚያ አገር ምስጥ ቤት ስለሚያፈርስ ያልተጠረጠረበት ነገር የለም። ሥሩን ቆፈሩ፤ ምስጥ የለም። አመድ አፈሰሱበት። መስከረም ሳይጠባ የሌላው ሰው፣ የሌላው ሰው ተከተለ። ከሊቀመንበሩ ሁለት ዛፎችም አንዱ አንድ ጎኑ ደረቀ።

ዲሳሳ ከተመለሰ ቆይቶ ነበር፤ ግን የሚዞርባቸው ሰፈራዎች ብዙ ስለሆኑ ወደዚህኛው የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ሲጠራ መጣ። እትዬ ሰዓዳ ጓሮ ተንበርክኮ እግርና ራስ ከተጋጠሙበት በታች ካራውን አሳርፎ አንድ መዳፍ የሚያህል ልጥ ላጠ። የልጡን ውስጥ ወደ ብርሃን አዞረና ለጸሐይነሽ ሰጣት። በመርፌ የተወጋጋ ይመስላል፤ ጥቃቅን ቀዳዳ ሞልቶታል። ከመጋጠሚያው በላይ ያለውን ሲልጠው ልሙጥ ነው።

«ይኼ ምስጥ አይደለም፤ ቫይረስ ነው» አለ። «በዓይን አይታይም። ዓይኑ ከተነሣበት ዛፍ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ከዚያም ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ቅጠሉን እየመጠጠ ካንዱ ወደ ሌላው ይወስደዋል። መንደሪን ራሱ ይችለዋል፤ ኮምጣጣው እግር ግን አይችለውም። ራስ የሠራው ምግብ ወደ ታች መውረድ ያቅተውና ሥር በረሃብ ይሞታል።»

«በረሃብ?» አለች እትዬ ሰዓዳ። «እዚህም ተከተለን!»

ዲሳሳ ፈገግ አላለም። «ዓይኑን ከየት አመጣችሁት?»

ሁሉም ዞሮ በአጥሩ ላይ የሚታየውን የጸሐይነሽን መንደሪን አየ። ጥቁር አረንጓዴ፣ ቅርንጫፉ እስኪጎነበስ በጥሬ ፍሬ የተሞላ ነበር። አንድ ቢጫ ቅጠል የለበትም።

«እሱ?» አለ አበጋዝ። «እሱማ ከሁላችንም ጤነኛ ነው። የኅዳር ወር ጉብኝት ሲመጣ ከላይ ለሚላኩት ጓዶች የማሳየው እሱን ነው። ዓምና ፍሬውን ቀምሰው ያጨበጨቡበት ዛፍ ነው፣ ዲሳሳ! ሌላ ምክንያት ፈልግ።»

ዲሳሳ ወደ ጸሐይነሽ ጓሮ ገብቶ የዛፉን እግር ዳሰሰ። «ሻካራው ሎሚ» አለ ዝግ ብሎ። «ይኼ እግር ይችለዋል። ራስም ቻለ፣ እግርም ቻለ። ታሞ ከሆነ እንኳ አይናገርም።» ከዚያ ወደ ጸሐይነሽ ዞሮ፣ «ያቺን ቅርንጫፍ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ ጸሐይ። ያን ጊዜ ጤነኛ ናት ብዬ ነው። አሁን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም» አላት።

«በምን ይታወቃል?»

«በትንሹ ሎሚ። ይኼ ወጥ ላይ የምትጨምቁት ሎሚ ይህን በሽታ አይደብቅም። ከዘር የበቀለ የሎሚ ችግኝ ላይ ከዚህ ዛፍ ዓይን አኑሪበት። አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ያዥው። ጤነኛ ከሆነ በቅጠሉ ላይ የተዘረጋው ሥር ደህና አረንጓዴ ነው። ከታመመ ሥሩ ላይ እዚህም እዚያም ብርሃን የሚያሳልፍ የነጣ ጭረት ይታያል። ከሆነ መቆረጥ አለበት፤ እሱ እያለ አዲስ ችግኝ ባመጣላችሁ ክሽክሹ ከእሱ እየወሰደ ይጨርሰዋል።» ዲሳሳ ወደ ሌሎቹ ሰፈራዎች ሄደ፤ ጥቅምት መጨረሻ እመለሳለሁ አለ።

አበጋዝ፣ ዲሳሳ እስኪሄድ ጠበቀና አጥሩን ተደግፎ ቆመ። የወሎ ሰው፣ ሲቆጣ እንኳ የሚቀልድ ሰው ነበር።

«እህቴ ጸሐይ፣ እኔ የምልሽን ስሚኝ። ሎሚ ችግኝ እኮ ፍየል ይበላዋል። ይጠወልጋል። ውኃ ይረሳል። ምኑ ይታወቃል?»

«ፍየል የለኝም፣ አያ አበጋዝ።»

«አበድርሻለኋ!» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወ። «ዛፉ ከተቆረጠ ለጓዶች የማሳየው የደረቀ እንጨት ነው። ዛፉን ያዳቀለው ማን ነበር ይሉኛል። ያን ጊዜ አንቺን ችግኝ ጣቢያው ላቆይሽ አልችልም፤ አረም ሰልፍ ነው የምትገቢው። ጉልበትሽን ደግሞ ታውቂዋለሽ።»

ጸሐይነሽ በማግስቱ ከጣቢያው ጥቂት የሎሚ ችግኞች በቆርቆሮ አምጥታ ከጓሮዋ በር አጠገብ ደረደረች። ግማሾቹ ላይ ከመንደሪኗ ዓይን አንሥታ አኖረች፤ ሌሎቹን ለማስተያያ እንዲሁ ተወቻቸው። ዲሳሳ እንደነገራት ዶሮ እንዳይጭራቸው እሾህ ከለለችባቸው፣ ክሽክሽ እንዳይወጣባቸው የድሮ ነጠላዋን ጫፍ ቀድዳ አለበሰቻቸው። እትዬ ሰዓዳ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣

«እንዲያው ክርስትና ልታነሺያቸው ነው ወይስ ልትድሪያቸው?» ትላታለች።

ዝናቡ እየሳሳ ሲሄድ ሎሚዎቹ አዲስ ቅጠል አወጡ። አንድ ቀን ጠዋት ቸርኬው ከመመታቱ በፊት ጸሐይነሽ ነጠላውን ገልጣ ዓይን ካልገባበት ሎሚ አንድ ለጋ ቅጠል በጣቷ ወደ ፀሐይ ቀና አደረገች። ሥሩ ደህና አረንጓዴ ነው። ወደሚቀጥለው ሄደች። የዚህኛው ቅጠል እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ብሏል። ወደ ፀሐይ ስትይዘው ሥሩ ላይ የነጣ ጭረት አየች፤ ቁርጥ ቁርጥ ያለ፣ አንዱ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ አንዱ የማያሳልፍ። የሚቀጥለውን አየች። የሚቀጥለውንም። ዓይን የገባባቸው ሁሉ እንዲያ ናቸው።

ቅጠሉን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል እንደያዘች ቆየች። በጣም ለጋ ነው፤ ጥፍሯን ብታሳርፍ ይቆረጣል። ለጋ ለጋውን ሁሉ ቀንጥባ ብትጥለው፣ ዲሳሳ ሲመጣ «አልያዘም፣ ሳይታይ ቀረ» ብትለው ያምናታል። አንድም ጊዜ ዋሽታው አታውቅምና ያምናታል። ቀና ብላ መንደሪኑን አየችው። ፍሬው ቢጫ ነጥብ እያወጣ ነበር።

«ጸሐይ፣ አንተ ምን ሆነሃል? ዛፍ ይናገራል?»

ኢቲዳል ናት፤ ወደ ገበያ የምትወስደውን ባሚያ በቅርጫት ተሸክማ፣ በጓሮ በኩል ቆማለች። ለወንድም ለሴትም «አንተ» ነው የምትለው፤ ጸሐይነሽ ለምዳዋለች።

«አይናገርም። እሱ ነው ችግሩ» አለችና ቅጠሉን አሳየቻት።

ኢቲዳል ቅርጫቱን አወረደች። ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ይዛ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። «ወላሂ፣ እንደ ሽንት ቤት ቆርቆሮ ተበሳስቷል። አሁን ትቆርጣለህ?»

«ከቆረጥኩት ምን ይቀረኛል?»

«ዘሩ ይቀራል።» ኢቲዳል ይህን እንደ ቀላል ነገር አለችው። «የኔ አያት ብርቱካን ከዘር ተክሎ ነበር። እሾህ አለው፣ ረጅም ነው፣ እኔ ለመልቀም ልጅ ላዩ አወጣለሁ። እሱ አልታመመም። ዲሳሳ አይቷል፤ አንድ እግር አንድ ራስ ነው፣ ጥል የለም አለ። ደግሞ ይህ በሽታ በዘር አይሄድም አለ።»

«ከዘር ብዙ ዓመት ይፈጃል። የዓይን በሦስት ዓመት ነው።»

«አዎ፣ ይፈጃል።» ኢቲዳል ቅርጫቷን መልሳ ተሸከመች። «ያንተ በሦስት ዓመት ይመጣል፣ በሦስት ዓመት ይሞታል። ኸላስ፣ አለቀ። እኔ ገበያ ረፈደብኝ።»

ጸሐይነሽ ነጠላውን መልሳ በሎሚዎቹ ላይ አለበሰች። አንድም ቅጠል አልቀነጠበችም።

ዲሳሳ በተባለው ጊዜ መጣ፤ አበጋዝም አብሮት መጣ፤ ይህን ያህል ሰው ከየጓሮው እንዴት እንደሰማ አይታወቅም፤ አጥሩ ሁሉ ሰው ሆነ። ጸሐይነሽ ሰው ፊት መናገር አትወድም። ሎሚዎቹን ወደ ብርሃን አወጣችና ቅጠሉን ለዲሳሳ ሳይሆን መጀመሪያ ለእትዬ ሰዓዳ ሰጠቻት፤ ዛፏ መጀመሪያ የሞተባት እሷ ናትና። ቅጠሉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም ወደ ፀሐይ እየያዘ አየ።

«ታሟል» አለች ጸሐይነሽ። «በየቤታችሁ የገባው ከኔ ነው።»

«አንቺ ምን ታውቂ ነበር?» አለች እትዬ ሰዓዳ። «የለመንሽ እኔ። ጣቢያ ሌላ አለ ስትይኝ አፍሽን ያስያዝኩሽ እኔ!»

«እሺ ታሟል እንበል» አለ አበጋዝ፤ ቅጠሉን በቅጡ ሳያየው መለሰው። «ግን ይችለዋል ተብሏል። እስከ ኅዳር ይቆይ። ጉብኝቱ ይለፍ፣ ፍሬውም ይድረስ፣ ከዚያ ይቆረጣል።»

ሁሉም ጸሐይነሽን አየ። እሷም ለዚያ ጥቂት ሳምንት ልቧ ፈቅዶ ነበር። ዲሳሳን አየችው። ዲሳሳ ትእዛዝ መስጠት አልፈለገም፤ አንዱን ለጋ የመንደሪን ቀንበጥ ጎንበስ አድርጎ ገለበጠላት ብቻ። ከቅጠሉ በታች ጥቁር ክሽክሽ እንደ ኑግ ተበትኖበታል። አንዳንዱ ክንፍ አውጥቷል።

ጸሐይነሽ ገብታ መጥረቢያውን አመጣች። የራሷ እጅ እንደማይችል ስለምታውቅ ለዲሳሳ ሰጠችው። «ፍሬውን ግን እናውርድ» አለች።

ወረደ። ገና አልበሰለም፤ እስከ ኅዳር ቢቆይ ማር ይሆን ነበር። ጸሐይነሽ በሰፌድ አድርጋ ዞረች፤ በዚህ ጊዜ ለሁሉም ሙሉ ሙሉ ፍሬ ደረሰ። መጥረቢያው ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅና የሰዉ ማላመጥ አንድ ላይ ሆነ። እትዬ ሰዓዳ አንዱን ክፋይ ጎርሳ ፊቷን እንደ ደረቀ ጨርቅ አጨማደደችና፣

«አቤት ኮምጣጣነት! ይኼማ ታሞ ሳይሆን ተቆጥቶ ነው!» አለች። አበጋዝ ሳቁን መያዝ አቅቶት ጀርባውን ሰጠ፤ ሆኖም የደረሰውን ፍሬ በላ።

«ዘሩን አትዋጡ፣ በመዳፋችሁ ያዙት» አለች ጸሐይነሽ። ዲሳሳ ራሱን በአዎንታ ነቅንቆ፣ ዘሩ ንጹሕ ነው አለ፤ ግን ከዘር የበቀለ ዛፍ እሾህ እንደሚያበዛና ብዙ ዓመት እንደሚያስጠብቅ፣ የሚቸኩል ሰው ካለ ከሌላ ቦታ የተመረመረ ችግኝ እንደሚያመጣለት ነገራቸው። ጥቂቶች ችግኙን መረጡ። የሚበዙት ግን እርጥብ ዘራቸውን ጨብጠው ወደየቤታቸው ሄዱ። በዚያው ሳምንት የታመሙት ዛፎች ሁሉ ከየጓሮው ወጥተው ተቃጠሉ፤ አበጋዝ ከቢሮው ፊት የቀረውን አንዱን ራሱ ነቀለው።

ጉብኝቱ በኅዳር መጣና ጓዶቹ ሌላ ሰፈራ እንዲያዩ ተደረገ። አበጋዝ እንደተናገረው አደረገ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ከላይ ሲጠየቅ የሚያሳየው አንድ ነገር ያስፈልገው ነበር። ጣቢያው ለሌላ ተሰጠ፤ ጸሐይነሽም የአረም ጊዜ ሲደርስ፣ ቸርኬው ሲመታ መቆፈሪያዋን ይዛ ከማሽላው ሰልፍ ገባች።

የመጀመሪያው ቀን እኩለ ቀን ሳይሆን ጉልበቷ ከዳት። ከግራዋ የነበረችው እትዬ ሰዓዳ የጸሐይነሽን መስመር ከራሷ ጋር ደርባ ማረም ጀመረች። ከቀኟ ያለችው ሴትም ከወዲያ ዳር ዳሩን ያዘች። የቡድኑ መሪ ከኋላ፣

«ያቺ ሴት ለምን ቆመች?» ብሎ ጮኸ።

«ማን ቆመች?» አለች እትዬ ሰዓዳ ቀና ሳትል። «እኛ ሦስታችን አንድ መስመር ነን። አንተ ወደፊትህን እይ!»

ጸሐይነሽ ትንፋሿን ሰብስባ፣ መቆፈሪያዋን አነሣችና ከመካከላቸው ገብታ ማረሟን ቀጠለች።